ለአንድ ትንሽ ባቡር ያ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?

የሕንዱ ዳርጂሊንግ ባቡር ላይ ለምን ያን ያህል ሰው ይንጠለጠላል ብለህ ብትጠይቅ፣ ተሳፋሪዎች እንዳይመስሉህ፤ ሥራ ላይ ናቸው። ባቡሩን የሚጎትተው ቢ ክላስ የሚባለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። የሃዲዱ ስፋት 61 ሴንቲ ሜትር ብቻ! ሲያዩት መጫወቻ ይመስላል። ያሉት አራት ጎማዎች ናቸው። የውሃው ታንከር ቦይለሩ (እንፋሎት የሚፈላበት በርሜል) ላይ እንደ ኮርቻ ተጭኗል፤ ክብደቱ ሁሉ ጎማዎቹ ላይ ስለሚያርፍ ሃዲዱን ቆንጠጥ አድርገው ይይዛሉ።

ችግሩ ዳገቱ ነው። ከሜዳው ተነስቶ ጉም የሚባል ጣቢያ ሲደርስ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይወጣል (ስሙ ለእኛ ጆሮ ልክክ ያለ ነው፣ ቦታው ራሱ ጭጋጋም ነው)። ሃዲዱ ከረጠበ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አፍንጫው ላይ ተቀምጠው አሸዋ በእጃቸው ሃዲዱ ላይ ይበትናሉ፣ ባቡሩ እየሄደ ማለቴ ነው። ሌላው ከሰሉ ላይ ቁጭ ብሎ ትልልቁን በመዶሻ እየፈለጠ እሳት ለሚያነደው ያቀብላል።

አሁን ብዙውን ሥራ ዲዝል ወስዶታል። በዳርጂሊንግና በጉም መካከል ግን የእንፋሎቶቹ ቱሪስት ይዘው አሁንም እያፏጩ ይወጣሉ።