የእናታችሁን ፊት ክንዳችሁ ላይ ከማስነቀሳችሁ በፊት

መርዶ በስልክ የሰማ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እናቴ ስታርፍ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፤ ወረቀቴ ስላላለቀ ከአሜሪካ ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም። አርባዋ ሳይወጣ ታቱ ቤት ገባሁ። ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ፎቶ አሳየሁ፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ በሳምንቱ ተነቀስኩ። የወጣችው ሴትዮ ግን እናቴ አይደለችም። ሁለት ዓመት በሐምሌ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሼ ከረምኩና በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ላዩ ላይ ሌላ ሥዕል ሠርቶ ሸፈነልኝ፣ እናቴን ደግሞ በሌላኛው ክንዴ እንደ አዲስ አስነቀስኳት።

እና አትቸኩሉ። ቢያንስ ሙት ዓመቷ ይለፍ። በዚያ መሀል ፎቶ ፈልጉ፣ ዋናው ሥራ እሱ ነው። የእናቶቻችን ፎቶ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ወይ ለመታወቂያ የተነሱት ጉርድ ነው፣ ወይ ሠርግ ላይ ከሃያ ሰው መሀል ጥግ ይዘው የቆሙበት። ለቅሶ ቤት የሚሰቀለው ትልቁም ብዙ ጊዜ ያችው ጉርድ ተለጥጣ፣ ፎቶ ቤቱ መጨማደዱን ሁሉ አጥፍቶላት ነው። ለድንኳን ይሆናል፣ ለመርፌ አይሆንም። ነቃሹ ፎቶው ላይ የሌለውን ከየት ያመጣል? ብርሃን ከአንድ ጎን ያረፈበት፣ ዓይኗ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ፈልጉ። በር አጠገብ ቡና ስታፈላ ሳታውቅ የተነሳችው ከስቱዲዮው ይበልጣል።

አገር ቤት ያለችው እህታችሁ አልበሙን ታገላብጥላችሁ። ያገኘችውን ከላስቲኩ አውጥታ ስካን ታስደርገው፣ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ይበቃል። ቴሌግራም ላይ ስትልክ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ትላከው፤ አለበለዚያ ቴሌግራም ይጨምቀውና ጥራቱ ይወርዳል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ የሰጠሁት ሦስት ስልክ የዞረ ፎቶ ነበር።

ሌላው፣ ለነቃሹ ስለ እናታችሁ አውሩት። እናቴ እንደ ዘመኗ የጎጃም ሴቶች አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት። የመጀመሪያው ነቃሽ ጥላ መስሎት አጠፋው። አልፈርድበትም፣ አልነገርኩትማ! የግንባር መስቀሏን፣ የሻሿን አስተሳሰር፣ ነጠላዋ በየት በኩል እንደሚዞር፣ ሁሉንም ንገሩት።

ባለሙያ ስትመርጡ የሠራውን በኛ ዓይነት ቆዳ ላይ አሳየን በሉት፤ ያውም ትናንት የነቀሰውን ሳይሆን ድኖ ዓመት ያለፈውን። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ፈዛዛው ግራጫ ይጠፋል፣ ስለዚህ ጥቁሩን ማጥቆርና የራሳችሁን ቆዳ እንደ ብርሃን መተው የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ከመዳፍ ያነሰ ፊት አታስነቅሱ። ቀለም ከዓመታት በኋላ ቆዳ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይሰፋል፣ ያኔ ዓይንና ቅንድብ ይገናኛሉ። ጆሮ ስትበሱ ወይም ስትቆረጡ ጠባሳችሁ የሚያብጥ ከሆነ፣ ኬሎይድ የሚሉት ነው፣ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ጠይቁ። ደረትና ትከሻ ላይ ይብሳል።

ስሟን ከሥር ማስጻፍ ከፈለጋችሁ ፊደሉን በትልቁ አትማችሁ ውሰዱ። ለፈረንጅ ፊደላችን ሥዕል ነው። «እማዬ» ብላችሁ የ«ዬ» ቀለበት ከተረሳች «እማየ» ይሆናል። ለእኔ ለጎጃሜው ችግር የለውም፣ ለናንተ አላውቅም።

ገላችሁን አትንቀሱ የሚለውን ዘሌዋውያን 19፥28ን የሚጠቅስላችሁ ዘመድ አይጠፋም። ጥቅሱ ደግሞ በቀጥታ ስለ ሞተ ሰው ነው የሚያወራው። የንስሐ አባት ካላችሁ ቀድማችሁ አማክሩ፣ ከተነቀሱ በኋላ መጠየቅ ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

በቀኑ በልታችሁ ሂዱ። ለሰዓታት ነው የምትቀመጡት፣ በጾም ቀን ባዶ ሆድ ይዞ መሄድ ራስን ያስታል። ከዋዜማው ጀምሮ መጠጥ የለም። አሜሪካ ከሆናችሁ ከዋጋው ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ያዙ።

ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ገደማ ፊቷ ይላጣል፣ ቅርፊት ያወጣል፣ ያሳክካል። አትፋቁት፣ ዋና አትግቡ፣ ፀሐይ አታስመቱት። ያን ሰሞን ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ አገር ቤት እንዳትልኩ። እኔ ልኬ እህቴ ሁለተኛ ለቅሶ ተቀመጠች።