«ኮምፒውተሩ ስሎው ስለሆነ ነው» ላለችው ተመራቂ

እህቴ በደብዳቤሽ ቁስሌን ነው የነካሽው፣ ስለዚህ መልሴ ቢረዝም አትፍረጂብኝ። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ ልጅቷ ዘንድሮ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃለች፣ ለፋርማሲና ለሱቅ የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት በ12 ሺህ ብር ሊቀጥራት ነው። ኢንተርቪው ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክቷን ከፍተው ሪፖርት የሚለውን ሲጫኑት ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ «ለምን?» ሲሏት «ኮምፒውተሩ ስሎው ስለሆነ ነው» አለች፣ እንደዛም ሆኖ ወደዋታል። ዲሲ ያለው ወንድሟ ግን «ዴስክቶፕ ሞቷል፣ ሪአክት ተማሪ፣ የኮርሱን እኔ እከፍላለሁ» ይላል (ዴስክቶፕ የሚለው ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፣ ሪአክት የዌብ ገጽ መሥሪያ)፣ እናቷ ደግሞ ባንክ ይሻልሻል ይላሉ።

ኮምፒውተሩ ምንም አላጠፋም። ዊንዶውስ ላይ መስኮትሽን የሚያስተናግደው አንድ ስሬድ ነው (ፕሮግራሙ ውስጥ ትእዛዝ በተራ በተራ የሚፈጽም ሠራተኛ በይው)፣ ማውስ ሲጫን፣ ኪቦርድ ሲነካ፣ መስኮቱ እንደገና ይሳል ሲባል ሁሉም መልእክት ተሰልፎ እሱን ይጠብቃል። አንቺ ያን ስሬድ ዳታቤዝ ውስጥ ልከሽ የዓመት ሽያጭ አስቆጠርሽው። ፋርማሲ ውስጥ ደንበኛ የምትቀበለው ልጅ ራሷ ስቶር ገብታ ካርቶን ስታገላብጥ ሰልፉ ምን ይሆናል? ቆሞ ያፈጣል። 5 ሰከንድ መልእክት ካላነሳ ዊንዶውስ ርዕሱ ላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ይለጥፍልሻል። ደሞ ዕድለኛ ነሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ዊንዶውስ 3.1 ቢሆን ኖሮ አንድ ፕሮግራም ተራውን አልለቅም ካለ ሌሎቹም አብረው ይቆሙ ነበር፤ ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ነው ለ32 ቢት ፕሮግራሞች ሲስተሙ ራሱ ፕሮሰሰሩን እየቀማ የሚያከፋፍለው።

«ዱኢቨንትስ የሚል መስመር ጨምሬ አስተካከልኩት» ያልሽው ላይ (ስሬዱ ሥራው መሃል ቆም ብሎ የተሰለፉትን መልእክቶች እንዲያስተናግድ የሚያደርግ ትእዛዝ ነው) ነው በተለይ የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ፋርማሲ በሠራሁት ፕሮግራም ሉፑ ውስጥ ዱኢቨንትስ ከትቼ መስኮቱ ተንቀሳቀሰልኝ ብዬ ስኮራ፣ ካሸሯ ሴቭ ተጫነች፣ ዘገየባት፣ ደግማ ተጫነች። የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው ገባና ያው ደረሰኝ ሁለቴ ተመዘገበ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ብር ጎደለ፣ ልጅቷ ከኪሷ ልትከፍል ነበር፣ እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ «ኮዱ ደህና ነው» እያልኩ ተከራከርኩ። እስካሁን አፍራለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ በተኑን ዲሴብል አድርጊው፣ የዳታቤዙን ጥሪ በኤሲንክ አዌይት ጠብቂው (መልሱ እስኪመጣ ስሬዱን ነፃ ይለቀዋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ቋንቋው ውስጥ አለልሽ፣ እኛ በእጅ ነበር ስሬድ የምንፈትለው)፣ ፕሮሰሰር የሚበላ ስሌት ካለ በታስክ ራን ወደ ሌላ ስሬድ ላኪው፣ ከዛ ስሬድ ግን መስኮቱ ላይ ያለውን ሌብልም (ጽሑፉን) ግሪድም (ሰንጠረዡን) እንዳትነኪ። እና እባክሽ መስኮቱን በያዘው ስሬድ ላይ ሆነሽ ዶት ሪዛልት ብለሽ ውጤቱን ቆመሽ አትጠብቂ፦ ስሬዱ ታስኩን (የላክሽውን ሥራ) ይጠብቃል፣ ታስኩ ለመጨረስ ስሬዱን ይጠብቃል፣ በር ላይ «ግባ እንጂ» «ኧረ በሞቴ አንተ ቅደም» እየተባባሉ ማንም ሳይገባ እንደሚቀሩት ሰዎች።

ዴስክቶፕ ሞቷል ላለው ወንድምሽ፦ ፋርማሲዎቹ ኔትወርክ ሲጠፋም ይሸጣሉ፣ እሱ ዲሲ ሆኖ ይሄ አይታየውም። ሪአክትም ብትሄጂ ጃቫስክሪፕት ብሮውዘር ውስጥ ገጹን የሚያስተናግደው በአንድ ስሬድ ነው፣ ከባድ ሉፕ ካስገባሽበት ገጹ እንደዛው ድርቅ ይላል። አንድሮይድም ንክኪሽን 5 ሰከንድ ካልመለስሽለት ዝጊው ወይ ጠብቂው ይልሻል። የሦስት ወር ኮርስ በተን ማስቀመጥ ያሳይሻል፣ ይሄን ግን ካሸር ስልክ ደውላ ስትጮህብሽ ነው የምትማሪው። ብር ስለሚልክ ደሞ ሙያሽን እሱ አይመርጥልሽም፣ ለኮርስ ያሰበውን ራም ይግዛልሽ።

12 ሺህ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ አያኖርም፣ እውነት ነው። አንቺ ግን ከእናትሽ ጋ ነሽ ያለሽው፣ አንድ ዓመት ትችይዋለሽ። እንግዲህ ለብቻሽ ብትኖሪ ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር እልሽ ነበር። ባንኩ ማስታወቂያ ሲያወጣ አመልክቺ፣ ማንም አልከለከለሽም። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልሽው እነሱም በአማርኛ ነው የጠየቁሽ።

ሰኞ ከመግባትሽ በፊት ግን ያንኑ ሪፖርት እንደገና ጻፊው፣ ፕሮግረስ ባርና ካንስል በተን ይኑረው። እየሠራ እያለ መስኮቱን በማውስ ይዘሽ ስክሪኑ ላይ ጎትቺው፣ ከዛ ሪፖርት የሚለውን እንደዛች ካሸር ቶሎ ቶሎ ሦስቴ ተጫኚና ስንት ሪፖርት እንደወጣ ጻፊልኝ።