ሁሉን ያሸነፈ ቡድን ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ ልጄ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይማራል። የትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በ2023 የውድድር ዘመን 13 ጨዋታ አሸንፎ፣ አንድም ሳይሸነፍ ለአገር አቀፉ ዋንጫ ሳይታጭ ቀረ ይለኛል። እንዴት ይሆናል? (እናት፣ ከአትላንታ)

መልስ፦ ልጅዎ እውነቱን ነው። ያኔ ለዋንጫው የሚያልፉት 4 ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ የሚመርጣቸውም የነጥብ ሰንጠረዥ ሳይሆን 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። መመሪያው ዋና ተጫዋች መጉደሉንም እንዲያመዛዝኑ ይፈቅዳል። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማጥቃቱን የሚመራው ኳርተርባክ ጆርዳን ትራቪስ ኖቬምበር 18 ከኖርዝ አላባማ ጋር ሲጫወቱ እግሩ ክፉኛ ተጎዳ። ተተኪውም በቀጣዩ ጨዋታ ስለተጎዳ፣ ቡድኑ የሚጫወትበትን ሊግ (ኤሲሲ) ፍጻሜ የመራው ሦስተኛው፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ብሮክ ግሌን ነበር። ያም ሆኖ ሉዊቪልን 16 ለ 6 ረቱ፤ ተከላካዮቹ አንድም ታችዳውን (ኳሷን እስከ ሜዳው ጫፍ በማድረስ የሚገኘውን ዋና ነጥብ) አላስቆጠሩም።

ኮሚቴው ግን እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ የተሸነፉትን ቴክሳስንና አላባማን አስቀደመ። በእኛ እምነት ይህ በደል ነው፤ ሜዳ ላይ የተገኘ ድል በግምት አይሻርም። በኋላ ኦሬንጅ ቦውል በተባለው የዘመኑ ማብቂያ ግጥሚያ በጆርጂያ ቡድን 63 ለ 3 መሸነፋቸውም ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ቋሚዎች አልተሰለፉም ነበር።

በ2024 የሚያልፉት ቡድኖች 12 ሆኑ፤ ከፍተኛ ደረጃ ላገኙ 5 የሊግ ሻምፒዮኖችም ቦታ ተጠበቀላቸው።