መልስ፦ ሲሸልስን በትንሽ መርከብ ወይስ በትልቅ?

እህት ዓለም፣ ከእናትሽ ጋር የሲሸልስን ደሴቶች ለመዞር የትኛው መርከብ እንደሚሻል ጠይቀሻል። ትንሹን ያዢ። ትልቁ ብዙውን ጊዜ በዋናዋ ደሴት በማሄ ወደብ ላይ ይቆማል፤ ትንሹ ግን ኩሪዩዝን የመሰሉ ደሴቶች ድረስ ይጠጋና በጎማ ጀልባ ያወርዳችኋል። ግዙፎቹ ኤሊዎች እዚያ መንገድ ላይ ተጋድመው ታገኛላችሁ። አወራረዱ ላይ ግን ልብ በይ፤ አንዳንዴ እግር የሚያርፈው ደረቅ አሸዋ ላይ ሳይሆን ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ነው። እማማ ጉልበታቸውን ካመማቸው ሳትከፍዪ ጠይቂ።

«ሐይቅ ላይ በጀልባ ሄጄ ምንም አልሆንኩም» ያልሽው አያስኬድም። እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ያለው ውሃና የሕንድ ውቅያኖስ ለየቅል ናቸው! ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል፤ ሚያዝያ ወይም ጥቅምት ይሻላል፤ ዋጋው ትንሽ ቢጨምር እንኳ። ክፍል ስትይዢ ከመርከቡ መሐል፣ ከታችኛው ፎቅ ይሁን፤ ጫፍ ላይ ያለው እንደ ደንባራ በቅሎ ያንገላታል። የማቅለሽለሽ ኪኒን የሚዋጠው መርከቡ ሳይነሳ ነው፤ እማማ ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ደሴ ላይ ሐኪማቸውን አማክሩ።

ፕራስሊን ደሴት ስትደርሱ ቫሌ ደ ሜ የተባለውን ጫካ እንዳትዘሉት፤ ከዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራው ዘንባባ እዚያ ነው።