ዩሪያና የመኖ ሣር፦ ከጎጃም አርቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ የዝሆን ሣሬን አጭጄ ዩሪያ በተንኩበት። ሳምንት ሙሉ ዝናብ ጠፋ፤ ሣሩም ምንም ለውጥ አላሳየም። ማዳበሪያው የት ገባ?

መልስ፦ ጥቂት የማይባለው በንኖ ሄዷል። በአፈሩና በቃርሚያው ላይ የሚገኝ ዩሪዬዝ የተባለ ኢንዛይም ዩሪያን አሞኒያ ወደተባለ ጋዝ ይለውጠዋል። ይህ ለውጥ አፈር ውስጥ ሲከናወን አሞኒያው አሞኒየም ሆኖ በአፈሩ ይያዛል፤ ከላይ ሲከናወን ግን ይተናል። የጠዋት ጤዛ ነጩን ፍሬ ለማሟሟት ይበቃል፣ ወደ ታች ለማስረግ ግን አይበቃም፤ ለዚህም ነው ረፋዱ ላይ ከግንዱ ሥር ጎንበስ ብለው ቢያሸቱ ያልተጠረገ በረት የሚመስል ሽታ የሚያገኙት። ስለዚህ ዝናብ በደንብ ሊጥል ሲል ይበትኑ፤ ካልሆነም ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀው ትንሽ ቦይ ያውጡና አፈር ያልብሱት። በቆጋ መስኖ የምታለሙ ደግሞ እንደበተናችሁ ውኃ ልቀቁበት።

ጥያቄ (ከመርዓዊ)፦ መጠኑስ ምን ያህል ይሁን?

መልስ፦ 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን፣ ማለትም ሣሩን የሚመግበውን ንጥረ ነገር፣ ይዟል። 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ መደብ ላይ 1 ኪሎ ግራም ዩሪያ ቢጨምሩ፣ በሄክታር 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን እንደ ማለት ነው። እኔ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ይልቅ ከእያንዳንዱ አጨዳ በኋላ ከፋፍሎ መስጠትን እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ሣሩ ከቁመቴ በላይ ሆኗል፤ የላሚቱ ወተት ግን አልጨመረም።

መልስ፦ ጉዳቱ ያለው በቁመቱ ላይ ነው። ሣር ናይትሮጅኑን የሚስበው በቡቃያነቱ፣ ገና ክብደቱ ሳይጨምር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው በአብዛኛው አገዳ በመሆኑ አስቀድሞ የተወሰደው ናይትሮጅን በብዙ ገለባ ውስጥ ይሳሳል። የመኖ ድፍድፍ (ጠቅላላ) ፕሮቲን የሚሰላው ናይትሮጅኑን በ6.25 በማባዛት ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ከደረቁ ክብደት ከ7 በመቶ ገደማ ሲያንስ በላሚቱ ጨጓራ ውስጥ ገለባውን የሚፈጩት ረቂቃን ሕዋሳት ራሳቸው ይራባሉ። ላሚቱ ሆዷ ሞልቶ ሳለ ትከሳለች። ይህ አንድ አርቢ ለማዳበሪያ ያወጣውን ገንዘብ አገዳ ሲያደርገው የማይበት ነገር ስለሆነ እጅግ ያሳዝነኛል። ሣሩ ሳይጠነክር ይጨዱት።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ በቀዩ መሬታችን ላይ ዩሪያ ለምን አይሠራም?

መልስ፦ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በአሲዳማ አፈር አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥሩን ያሳጥረዋል፣ ፎስፈረሱም ይታሰራል፤ ሥር የሌለው ሣር ደግሞ ናይትሮጅን ቢከመርለትም መድረሻ የለውም። ከዩሪያው የሚገኘው አሞኒየም ናይትሬት ወደተባለ ሌላ የናይትሮጅን ዓይነት ሲቀየር አሲዱን ስለሚያባብሰው፣ አፈሩን አስመርምራችሁ አስቀድማችሁ ኖራ ጨምሩ። ታጭዶ ወደ በረት የሚሄድ ሣር ብዙ ፖታሲየምም ይዞ ይወጣልና ፍጉንና የምድጃውን አመድ ወደ መደቡ መልሱ።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ዩሪያ የተደረገበት ሣር ከብት ይጎዳል?

መልስ፦ ብዙ ዩሪያ ካገኘ በኋላ ድርቅ የመታው ሣር፣ በተለይ በግርጌው፣ ናይትሬት ሊያከማች ይችላል። በከብቷ ሆድ ወደ ናይትራይት ሲለወጥ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ቡናማም ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሣር ግርጌውን ትታችሁ ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ፣ ከጭድ ጋር ቀላቅላችሁ ስጡ። ከብት የተፈታ ከረጢት ካገኘች ዩሪያውን ራሱን ልሳ ልትሞት ስለምትችል፣ ከረጢቱ ከበረት ርቆ ይቀመጥ።