ቤት በሐምሌ ይታያል

ልጆቼ፣ ጅማ ላይ የቤት ገበያ የሚሟሟቀው ከኅዳር በኋላ ነው። ቡናው ተለቅሟል፣ እጅ ላይ ብር አለ፣ መንገዱ ደርቋል። ደላላው ገና በጠዋቱ ይደውላል። ግቢው ተጠርጎ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቶ፣ ጽጌረዳው አብቦ ይጠብቃችኋል። በዚያ ወቅት የማያምር ቤት የለም። ስለዚህ ምክሬን ከፊት ላስቀድመው። የወደዳችሁትን ቤት ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየወረደ እዩት። ሐምሌ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ደግሞ በተከራያችሁበት ቤት ውስጥ ባለቤትነትን ተለማመዱበት።

ሙያዬ ግንባታ ነው። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ግን ቤት በመገመት ነው። ሜትርና ደብተር ይዤ ሰው ቤት እገባለሁ፣ እለካለሁ፣ አንኳኳለሁ፣ እጽፋለሁ። የገማች ሥራ ቤቱን ከነኑሮው ያሳያል። ሳሎኑ በሶፋ ተሞልቶ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ኩሽና በር ላይ በበርጩማ ተኮልኩሎ ሲበላ ስንቴ አይቻለሁ! ሳሎኑ ለእንግዳ ነው፤ እንግዳው ደግሞ በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል?

እናም "ስንት ክፍል ነው?" ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁን ኑሮ እወቁ። ማታ ከሥራ ስትመለሱ የምትቀመጡት የት ነው? እንጀራ ትጋግራላችሁ ወይስ ትገዛላችሁ? ብዙ አከራይ ምጣድ ይከለክላል፤ ስለዚህ ተከራይ ሆኖ እንጀራ የገዛ ሰው የራሱ ቤት ሲገባ መጋገር ይጀምራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ለአንድ አምፖልና ለሬዲዮ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። እናታችሁ ከገጠር መጥታ አንድ ወር ትከርማለች? የእህት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው እናንተ ጋ ያርፋል? ይህን ሁሉ አሁን ባላችሁበት ጠባብ ቤት ውስጥ ታውቁታላችሁ። አንድ ዓመት ልብ ብላችሁ ኑሩና ከዚያ ቤት ፈልጉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ልብስ የማይደርቅባት ከተማ ናት። በክረምት የሕፃን ልብስ አጥባችሁ የምታሰጡበት ጣሪያ ያለው ሰፊ በረንዳ ከሌለ፣ ሳሎኑ በገመድ ይሞላል፣ ቤቱ በሙሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰፊ በረንዳ ከሚያብረቀርቅ የጂፕሰም ኮርኒስ ይበልጣል። ገበያው ግን ለኮርኒሱ ነው የሚከፍለው። ይህ ለእናንተ መልካም ዜና ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ለምሳሌ አሁን በወር 5 ሺህ ብር ትከራያላችሁ እንበል። ቤት ብንገዛ ለባንክ በወር 12 ሺህ እንከፍላለን ብላችሁ አስባችኋል። እንግዲያው ልዩነቱን፣ 7 ሺህ ብሩን፣ ደሞዝ በወጣበት ቀን ወደማትነኩት ሒሳብ አስገቡ። ለራሳችሁ ኪራይ ክፈሉ ማለቴ ነው። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል፣ በዓል ይመጣል፣ የዘመድ ሰርግና ለቅሶ አይቀርም። ያንን ሁሉ አልፋችሁ ብሩ ካልተነካ ትችሉታላችሁ። ስድስተኛው ወር ላይ መቆንጠር ከጀመራችሁ ደግሞ አቅማችሁን ያለ ባንክ ቅጣት አወቃችሁ፤ የቀረው ብርም የእናንተው ነው።

ዕቁብ ጥሩ ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉን አስቡ። መጨረሻ ላይ የደረሰው ሰው ቆጥቧል። መጀመሪያ የደረሰው ግን ተበድሯል፤ ቀሪውን ሲከፍል ይኖራል። የዕቁብ ብር ቀድሞ ደርሷችሁ ለቤት ከከፈላችሁት፣ የባንኩና የዕቁቡ ክፍያ በአንድ ወር ላይ ይገናኛሉ። ሰርቪስ ቤቱን ለተማሪ አከራይተን እንከፍላለን የሚልም አለ። ያዋጣል፤ ሆኖም ዓመቱን በሙሉ አትቁጠሩት። ትምህርት ሲዘጋ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ያላችሁን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ለሻጩ አትስጡ። ቤት በገባችሁ ሳምንት ቁልፍ ትቀይራላችሁ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ ይኖራል። ያኔ በሰው በር መቆም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አሁን ዝናብ ነው፤ እንውጣ።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ቁጥሩ እንዲህ ብቻውን አይገባም፤ ጣሪያ ላይ እናውጣው። 80 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣሪያ በዓመት 120 ሺህ ሊትር ውኃ ያወርዳል። በ20 ሊትር ጀሪካን ብትቀዱት 6 ሺህ ጀሪካን ነው። ይሄ ሁሉ ውኃ ወዴት ይሄዳል? አሸንዳ ከሌለ በግድግዳው ሥር ይወርዳል። አሸንዳው ኖሮ መውረጃው ከተሰበረ አንድ ጥግ ላይ ሲያጠራቅም ይከርማል። የጎረቤት ጣሪያ ወደ እናንተ ግቢ የሚያፈስ ከሆነ የእሱንም ድርሻ ትቀበላላችሁ። ጎረቤትን የሚያጣላው አጥር ብቻ አይደለም፤ ፍሳሽም ነው። በበጋ ግን ይህ ሁሉ አይታይም።

ጅማ ውስጥ ብዙ ቤት ከውጭ ሲያዩት ብሎኬት ይመስላል፤ ውስጡ ጭቃ ነው። ባሕር ዛፍ ይቆማል፣ ይማገራል፣ በጭቃ ይመረጋል፣ ከላይ በሲሚንቶ ይለሰናል። ጭቃ ቤት ነውር የለበትም። በወጉ የተሠራና ውኃ ያልነካው ጭቃ ቤት ልጅ ያሳድጋል፣ የልጅ ልጅም ያሳያል። ነውሩ ጭቃውን በብሎኬት ዋጋ መግዛት ነው። ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ሲሚንቶው ከጭቃው የለቀቀበት ቦታ ባዶ ባዶ ይላል። ሁለቱ አብረው አይኖሩም። ጭቃው ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አይከተለውም። እናም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ የገባው አይወጣም።

ቋሚው እንጨት የሚበሰብሰው ደግሞ መሬት በሚነካበት በኩል ነው። እኔ ከኪሴ ካቻቪቴ አይጠፋም ነበር። ባለቤቱን አስፈቅጄ የቋሚውን ግርጌ እወጋለሁ። እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ካቻቪቴው አልገባም ብሎ ይመለሳል። ከበሰበሰ ወይም ምስጥ ከበላው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ይሰጥማል። ባለቤቱ "እንዲህማ አታድርጉ" ካለ፣ መልሱን አገኛችሁ።

ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ስታዩ ቆም በሉ። ሰው ግማሽ ግድግዳ የሚቀባው ወይ ሕፃን ጽፎበት ነው ወይ ርጥበት ወጥቶበት ነው። ቁምሳጥኑን ወደፊት ሳብ እንዲያደርጉላችሁ ለምኑ፤ የሻገተ ግድግዳ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ የልስን ችግር አይደለም፤ መሠረቱ ተንቀሳቅሷል። በረግረጉ አቅጣጫ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም ይዞት ይነሳል፣ ይዞት ይወርዳል። የአዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ወደዚያ ዝቅ ባላችሁ ቁጥር መሠረቱን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ጅሬን ዳገት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ መንገዱን ይዞት ይሄዳል። ባጃጅ በዝናብ እስከ በሩ ይገባል ወይ? ሌሊት ልጅ ሲታመም ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም።

ግቢ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ አለ ብለው ዋጋ ይጨምሩባችኋል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ነው በሉ። በመካከላቸው ቢያንስ 30 ሜትር መኖር አለበት ይባላል። 200 ካሬ ግቢ ውስጥ ይህ ርቀት ከየት ይመጣል? የእናንተ ሽንት ቤት ቢርቅ እንኳ የጎረቤት አጥሩን ተደግፎ ይሆናል። ያ ውኃ ለልብስና ለወለል ነው፤ ለመጠጥ አይሆንም።

"ሻጩ እስከ ሐምሌ አይጠብቀንም" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ደግነቱ ጅማ ላይ ዝናብ በመጋቢት ይጀምራል፤ አንድ ከባድ ዝናብ ይበቃችኋል። እሱንም ካላገኛችሁ ሰርቪስ ቤት የተከራየውን ሰው ቡና ጋብዙት። ባለቤቱ የማይነግራችሁን እሱ ይነግራችኋል፤ የሚሸጠው ነገር የለውም። ጎረቤቱንም ከማኅበር ቀን በኋላ ሳይሆን በተራ ቀን እዩት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ጎረቤቱ ሲሰማማ ነው።

ወረቀቱ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ መሬት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት አይሸጥም። የምትገዙት ቤቱንና በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ካርታው የሊዝ ነው ወይስ የነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ በፊት የተያዘ፣ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው፤ ስንቱ አልፏል? ያልተከፈለ የሊዝ ቀሪ አለ? ይህ ቀሪ ከሻጩ ወደ እናንተ ይዞራል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በሰቃ ወይም በአጋሮ መንገድ፣ "ከገበሬ ነው፣ ርካሽ ነው" የሚባል ቦታ ይቀርብላችኋል። ወረቀቱ የብድር ወይም የስጦታ ውል ተብሎ ይጻፋል። እባካችሁ ተዉት። የሚፈርሰው ቤት እናንተ የሠራችሁት ነው።

የካርታውን ኮፒ ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ራሳችሁ ሂዱ። ዕዳና እግድ መኖሩን ጠይቁ። ደላላ "እኔ አጣርቻለሁ" ካለ አመስግኑትና እናንተም አጣሩ። እሱ የሚኖረው በኮሚሽን ነው፤ አልፈርድበትም። ሻጩ ያገባ ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩን በስልክ ሳይሆን በአካል ወይም በቪዲዮ አግኙት። ውክልና ይሻራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤት የተበተነበት ጉዳይ ነውና። ዓረብ አገር ያለች እህት ብር ትልካለች። ወንድም እዚህ ሆኖ ቤት ይገዛል። ካርታው በወንድም ስም ይወጣል፤ "ለጊዜው ነው" ይባላል። ወንድም ያገባል፣ ይወልዳል። እህት ከስንት ዓመት በኋላ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ፣ በገዛ ብሯ በተሠራው ቤት እንግዳ ትሆናለች። ሰውየው ሌባ ላይሆን ይችላል። ዝም ብሎ ጊዜው ሄዶበት ነው። ግምት ልሠራ ገብቼ እህትና ወንድም ከአንድ በር ሥር ተኮራርፈው ጠብቀውኛል። እህታችሁ ብር ከላከች ስሟ ካርታው ላይ ይግባ። የማይቻል ከሆነ በዚያው ሰሞን፣ ፍቅር እያለ፣ በጽሑፍ ይቀመጥ። ባልና ሚስትም እንዲሁ፤ ሁለታችሁም ስማችሁን አስገቡ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እወቁ። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ሽያጩ ራሱ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ፊት ካልተደረገ አይጸናም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1723 ነው። ሦስት ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለሽምግልና ይጠቅማል፤ ስም አያዞርም። የቴምብር ቀረጡንና የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከዋጋው ላይ ጥቂቱን፣ ስም እስኪዞር ድረስ፣ በእጃችሁ አቆዩ፤ ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ቁልፍ በምትቀበሉበት ቀን የመብራትና የውኃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ እዩ። ከጎረቤት የተጠለፈ መስመር ከሆነ የራሳችሁን ለማስገባት ስንት ወር እንደሚፈጅ ጠይቁ። የመጨረሻውን ደረሰኝ ተቀበሉ። ውዝፍ ካለ ከያዛችሁት ቀሪ ክፍያ ላይ ይቀነስ።