የዘፋኝ ውርስ፦ ከቤትና ከመኪናው ባሻገር

ጥያቄ፦ ጥላሁን ገሠሠ ያደገው የት ነው? ደግሞስ አንድ ታዋቂ ድምፃዊ ሲያርፍ የዘፈኖቹ ገቢ ለልጆቹ ይተላለፋል?
አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ተወለደ፤ ያደገው ግን ወሊሶ፣ አያቱ ዘንድ ነው። በጉርምስናው ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ እርስዎ ሰፈር ያለውን ሀገር ፍቅር ቴአትርን ተቀላቀለ፤ ቀጥሎም ክብር ዘበኛ ገባ።

ገቢው ይተላለፋል፤ ግን መጀመሪያ ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ ይጣራ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሟቹ ዘፋኝ ብቻ ከነበረ ግን የከዋኝ መብቱ የሚቆጠረው ከሞተበት ሳይሆን ዘፈኑ ከተቀረጸበት ዓመት ነው፤ በ2000 ዓ.ም የተቀረጸው በ2050 ያበቃል። ብዙ ቤተሰብ የሚጋጨው ይህን ባለመለየት ነው።

ወራሾች የሞትና የልደት ማስረጃ ይዘው ለከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ከጋራ ሀብቱ የትዳር ጓደኛ ድርሻ ይለያል፣ ዕዳ ይከፈላል፤ ኑዛዜ ከሌለ የተረፈውን ልጆች እኩል ይካፈላሉ፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደም ያው ነው። የወራሽነት ማስረጃው ንብረት አይዘረዝርም። ስለዚህ ከአሳታሚ ጋር የተፈረሙ ውሎችንና የማስተር ቅጂዎችን ለውርስ አጣሪው አስመዝግቡ፤ ቤትና መኪና ሲቆጠር እነዚህ ይረሳሉ፣ በጣም ያሳዝናል።

በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ከተገኘ ቀኑን እዩ፦ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል።